አባ ቦራ፦ የመምህር ገብረ መድኅን ኃይለልዑል የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን መምህር ገብረ መድኅን ኃይለልዑል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለልዑል ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በባሌ ሮቤ ተወለዱ። አባታችን በወጣትነታቸው ፈረሰኛ ወታደር ነበሩ፤ በብር ያጌጠው ኮርቻቸው እቤታችን ውስጥ ከሰው የበለጠ ቦታ ነበረው።

ኑሮ ሲከብድ የግልቢያ ፈረሶቹ ተሸጡ። የቀረልን ቦራ የሚባል የጋሪ ፈረስ ብቻ ነበር። ወንድማችን ጠዋት እየተማሩ፣ ከሰዓት በኋላ በሮቤና በጎባ መካከል ሰውና እህል እያመላለሱ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩት በቦራ ጉልበት ነው። ጎረቤታችን አቶ አሊዪ በኦሮምኛ «አባ ቦራ፣ አከም ቡልተን?»፣ እንዴት አደሩ፣ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። በአገራችን ወግ በፈረስ ስም መጠራት ክብር ነው። አባታችን ግን ተቆጡ፤ «የፈረስ ስም በጦር ፈረስ እንጂ በጋሪ ከብት አይወጣም» አሉ። ኮርቻው ቦራ ጀርባ ላይ እንዳይወጣም ከለከሉ። ወንድማችን ስሙን ከአገሩ ሁሉ አፍ ሰሙት፤ የናፈቁት ግን ከአንድ ሰው አፍ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቋንቋ ሲያጠኑ አንድ ነገር አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቁትም። እንግሊዝ ፈረሰኛ ጦሩን ካቫልሪ፣ ጣልያን ፈረሰኛውን ካቫሊዬሬ፣ ፈረንሳይ ሸቫሊዬ፣ ስፔን ካባዬሮ ይለዋል። የሁሉም ሥር የላቲኑ «ካባሉስ» ነው፤ እሱም የሥራ ፈረስ፣ የጭነት ፈረስ ስም ነበር። የጌቶቹ ፈረስ ስም «ኤኩስ» እየተረሳ ሲሄድ፣ የሠራተኛው ስም የባላባት ማዕረግ ሆነ። ወንድማችን ለእረፍት ሲመጡ ይህን ለአባታችን በኩራት ነገሯቸው። አባታችን ሰምተው ሲጨርሱ «ፈረንጅ ምን ያላለው አለ!» ብለው ወጡ።

ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ጎባ ላይ እንግሊዝኛ አስተማሩ። የካባሉስን ታሪክ ያልሰማ ተማሪም ሠርገኛም አልነበረም፤ እሳቸው ሲጀምሩ እኛ ምግባችንን እንጨርስ ነበር። ዛሬ ማን ይጀምርልን? በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጸሎት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

አባታችን በ1991 ዓ.ም. አልጋ ላይ ሲውሉ ያስታመሟቸው ወንድማችን ነበሩ። አንድ ጠዋት አባታችን ዓይናቸውን ገልጠው «አባ ቦራ፣ ያን ኮርቻ አውርደው። ያንተ ነው» አሉ። ወንድማችን ወጥተው ባዶው ጋጣ አጠገብ ቆመው አለቀሱ። ቦራ ከሞተ ዓመታት አልፈው ነበር።

መምህር ገብረ መድኅን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ዮዲንና ተክለማርያምን፣ እንዲሁም ይህን የጻፍኩትን እህታቸውን ወለተኢየሱስን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ያንን ኮርቻ ጭኖ ከአስከሬኑ ፊት የሚሄደው የአቶ አሊዪ ልጅ የሙህዲን የጋሪ ፈረስ ነው፤ ወንድማችን አደራ ያሉን ይህንኑ ብቻ ነው። የሰልፉን እርምጃ ቢስት ታገሡት፤ እሱ የለመደው ሥራ እንጂ ሰልፍ አይደለም። እግዚአብሔር ለወንድማችን ነፍስ ሸክም የሚወርድበትን ዕረፍት ይስጥልን፤ በደጁም በሚወዱት ስማቸው ይጥራቸው። አሜን።