አባትየው ልክ ነበር ወይ?

ግንቦት 7 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ አምቦ

የማታ ክፍል መምህራችን የሥነ ጽሑፍ መልሴን ዛሬም ውድቅ አደረገብኝ። ጥያቄው ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ስላስቀረ አባት ነው፤ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እኔ ሽማግሌ እንደሚያደርገው የአባትየውንም የልጅቷንም ቃል ሰምቼ፣ ይቅር ተባባሉ ብዬ ጨረስኩ።

«አዴ ጫልቱ፣ አስታረቁ እንጂ አልመለሱም» አለኝ። «መጀመሪያ አንዱን ወገን ይያዙ። ቀጥለው ከታሪኩ ማስረጃ ያምጡ። ከዚያ ያብራሩ።»

ከኋላዬ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊዋ አያንቱ፣ «ካሳውንስ ምነው ረሱት፣ አዴ?» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። ትሳቅ። ነገ ፈተናውን ከወደቅኩ በዚህ ዕድሜዬ ክፍል የምደግመው እኔ ነኝ።

አሁን ለልምምድ ተቀምጫለሁ። «አባትየው በድሏታል» ብዬ ጀመርኩ። ለገዛ አባቴ ይህን አንድም ቀን አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም። ሲሞትም ደግ ነበር እያልኩ አለቀስኩለት።

ማስረጃ ከታሪኩ ብቻ ነው የተባለው። ታሪኩን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍኩት ግን ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔን በር ላይ የያዘኝ የአባቴ እጅ ሆነ። እሱን ሰረዝኩት። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልነካኋትም።