ለአንበሳዋ ያሰርናቸው ላሞች

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ያ የሚያስቸግርሽ ሳልስ ተሻለሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። በስልክ ልነግርሽ ስሞክር ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልጻፈው።

የእናትሽን ላም አንበሳዋ በረት ገብታ በላቻት ያልኩሽ ውሸት ነው። ላሚቱ ነጥፋ ነበር። ገበያ ብወስዳት ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም። አሁን አንቺ የምትሠሪበት የዱር አራዊት ጽሕፈት ቤት በረት ውስጥ ለተበላ ከብት ካሳ እንደሚከፍል ሰማሁና፣ ሲመሻሽ ወደ ጫካው ዳር ነድቼ ዋርካዋ ሥር አሰርኳት። በማግስቱ የተረፈውን ከጎረቤታችን ከአናጢው ጋር በበሬ ጎትተን በረት አስገባነው። ከዚያ ተንበርክኬ ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አትጠይቂኝ። ካሳው በተከፈለ ሳምንት አንቺ ከተማ ገብተሽ ኮሌጅ ተመዘገብሽ።

በኔ ቢያበቃ ደግ ነበር። አናጢው ለባለ ወፍጮው ሹክ አለው፣ ባለ ወፍጮው ለወንድሞቹ። የነጠፈው፣ ያነከሰው፣ ያረጀው ሁሉ ወደ ጫካው ይነዳ ጀመር። አንበሳዋስ ምን አጠፋች? የታሰረ ላም እያለላት ሚዳቋ ስታሳድድ ልትውል ነው? ግልገሎቿን አስከትላ መንደር ዳር መክረም ለመደች። አሁን ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት የሚወርዱት ጣሳ እየደበደቡ ነው።

የናንተ መሥሪያ ቤትስ፣ ልጄ! ግጦሹን አጠራችሁ። እሺ፣ አውሬውም የፈጣሪ ፍጥረት ነው ብለን ዝም አልን። ለበረት ማጠናከሪያ ሽቦና ምሰሶ ስጡን ብለን ደጅ ስንጠና፣ እዚህ ያለው ኃላፊ ምን አለን መሰለሽ? ለሱ በጀት የለም፤ በጀቱ ለሞተ ከብት ብቻ ነው አለ። እንግዲህ ላም በቁሟ ጠያቂ የላትም፣ የምትከበረው ስትሞት ነው! ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አንድ ቀን እበት ጠርጎ ያውቃል? ይቅር በይኝ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም። ግን አንቺም እዚያው ተቀምጠሻል።

ባለፈው ደውለሽ፣ "አንበሳዋ እንድትገደል ተወሰነ፤ እስከ አባቴ በረት ድረስ ገብታለች ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ የግልገሎቹ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ" ስትይኝ ጥፋቴ ገባኝ። የኔን ውሸት በአንቺ አፍ አስነገርኩ።

እውነቱን ልናገር ነው ብዬ አናጢው ዘንድ ሄድኩ። መላጊያውን አስቀመጠና፣ "ስማ ጸሎተኛው፣ አንተማ ልጅህን አድርሰሃል። የኛዎቹ ገና ናቸው። ካሳው ሲቀር አንተ ልታስተምራቸው ነው?" አለኝ። እውነቱን እኮ ነው። ሚስቱ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ "ጽድቅ የሚመጣብህ ሆድህ ከሞላ በኋላ ነው!" ብላ ጨመረችልኝ።

ስጸልይ ሁልጊዜ ነገሩን ለአንተ ትቼዋለሁ እላለሁ። ሳስበው የተውኩለት የራሴን ሥራ ኖሯል።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከሰው ፊት አያሳፍርሽ። በዚህ ምክንያት አንገት የሚያስደፋ ነገር ቢገጥምሽ በኔ ፍረጂ፣ በራስሽ አትፍረጂ። ሽቦውን ግን ለአለቆችሽ ንገሪልን፤ እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ተኳሹን ይዞ መጣ፤ መንደርተኛው ተሰበሰበ። ተኳሹ የቱ በረት አጠገብ ሆኜ ልጠብቃት ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ እጅ ጫካው ዳር ወዳለችው ዋርካ ተዘረጋ! በረት ገባች እያልን ካሳ ስንበላ የኖርን ሰዎች! ኃላፊው እንኳ አልነቃም፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። አናጢው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ባርኔጣዬን አውልቄ ከሰዉ መሀል ወጣሁና፣ በረት ገብታ አታውቅም፤ እዚያች ዋርካ ሥር እያሰርን የምናበላት እኛ ነን፤ መጀመሪያ ያሰርኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው።

አባትሽ