ከምንጩ በላይ ያለው ተረተር

ይድረስ ለውድ አባቴ ለኸሊፋ ይማም፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የእማዬስ ዓይን? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሰብሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ሀርጌሳም በየሰፈሩ ቤት እየተሠራባት ነው፤ ጦርነት ያፈረሰው ግድግዳ ተነሥቷል።

ከምንጩ በላይ ያለውን ተረተር መንጥረው ማሽላ ሊዘሩበት እንዳሰቡ ሰማሁ። ልጅ አባቱን አይመክርም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገርዎ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በመኪና ከሰል ሳመላልስ እንደነበር ደብቄዎታለሁ። አሁን የዱር እንስሳና ዕፅዋት ለሚያጠና ቢሮ ነው የምነዳው። አለቃዬ ዴቃ የዚሁ አገር ልጅ ናት። የዓለምን መሬት በኮምፒውተር ዘርግታ ታሰላለች። "ሰው እንዲህ እየመነጠረ ከቀጠለ ፍጥረቱ ይመናመናል፤ ያለውን እርሻ አሳምሮ ካረሰ፣ እህል ካላባከነ፣ የደከመውን መሬት ካሳረፈ ግን በልጅ ልጆቻችን ዘመን መልሶ ይበዛል" ትላለች። ይህን የኮምፒውተር ስሌት ሞዴል ይሉታል።

ለዚሁ ጥናት ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሸለቆ ከተከለለ ሁለት ዓመቱ ነው። የአካባቢው ሽማግሌ ሳማታር መጀመሪያ፣ "ይሄ ኮምፒውተር ዝናብ አይቶ ያውቃል?" ብለው አስቀውን ነበር። ባለፈው ሳምንት አብረን ስንገባ ግን ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ አንዲት ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ቆማ አየችን። ሽማግሌው እጄን ጨበጡኝ። "ሚዳቋ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው" አሉ። እኔ አፈርኩ፤ የዚያ ሸለቆ ግራር ከሰል ሲሆን በጆንያ ጭኜ ያወጣሁት እኔ ነኝና ሳልደብቅ ነገርኳቸው። "የቆረጥኩትስ እኔ አይደለሁ?" አሉኝ፤ "አንተ ጫንክ። እንግዲህ አብረን እንጠብቀው።"

አባባ፣ የታችኛው ማሳ እርከን ቢሠራለትና ፍግ ቢጠግብ ምርቱ ከፍ ሊል እንደሚችል ዴቃ ነግራኛለች። ለታኅሣሥ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ መጥቼ እርከኑን በገዛ እጄ እሠራለሁ። ተረተሩን ሳይነኩ አንድ መኸር ብቻ ይታገሡኝ። ምርቱ ካልበቃን፣ ምሳሩን እኔው አቀብልዎታለሁ።

እማዬን እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። እህቴን ሱዓድን፣ የወንድሜን ሚስት ሰልዋን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ወንድሜን ናስርን ደግሞ፣ ለእርከኑ ከወንዙ ድንጋይ ማጋዝ ይጀምር ይበሉልኝ።

ልጅዎ ከሊል
ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር
ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.