ያለቅጥ የተወለወለው ዘንግ

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣ ካሉበት በሰላም ይድረስዎ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እማዬ ደኅና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም።

ስለምሠራበት ማሽን ስነግርዎ «ቅጥፈት ተማረች» እንዳይሉኝ። እዚህ ፋብሪካ የብረት ዘንግ የምናጠነክረው በብርሃን ነው። ሌዘር ይሉታል፤ ብርሃኑ ራሱ ለዓይን አይታይም። ያረፈበት ቦታ ፍም ይመስላል፣ አለፍ ሲል ወዲያው ይጠቁራል። ውኃ የለ፣ ዘይት የለ! የዘንጉ ውስጥ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን ራሱ ስቦ ይውጠዋል። የሚጠነክረው ቆዳው ብቻ ነው፤ ሆዱ እንደነበረ ስለሚቀር ቶሎ አይበላም፣ ቶሎም አይሰበርም። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን መጥረቢያ ለማጠንከር ከእሳትና ከውኃ ጋር የታገሉበትን ነገር በደቂቃ ሲጨርሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ታዲያ በሙከራ ጊዜዬ መጨረሻ ሳምንት ጉድ ልሆን ነበር። አለቃችን ሻይዋን እንኳ ሳትለካ አትጠጣም፤ በሌለችበት «ሚሊሜትር» እንላታለን። አንድ ዘንግ ያበላሸ አይቀጠርም ብላ አስጠንቅቃናለች። እኔ ደግሞ «ቆሻሻ ብረት እሳት አይግባ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ጥቁር ቀለም የተቀባውን ዘንግ ቆሽሿል ብዬ ፊቴን እስኪያሳየኝ ወለወልኩት። ለካ ጥቁሩ ብርሃኑን እንዲጠጣ ኖሯል! የሚያብረቀርቅ ብረት እንደ መስታወት ይመልሰዋል።

ዘንጉ ሲወጣ ለዓይን ደኅና ይመስል ነበር። ልቤ ግን አላመነምና ጫፉን በሞረድ ነካሁት። እርስዎ እንዳሳዩኝ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ይሄኛው ግን እንደ እንጨት ተፋቀ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ዘንጉንና ሞረዱን ይዤ አለቃችን ዘንድ ሄጄ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት።

ሞረዱን ተቀብላ ራሷ ሞከረችው። ይሄን ማን አስተማረሽ ስትለኝ አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው አልኳት። ዘንጉን ዳግም ጥቁር አስቀብታ አሠራችኝ፤ አሁን ሞረዱ ተንሸራተተ። ሰኞ የቅጥር ወረቀት ተሰጠኝ። «ሙያውን የተማሩበት ትምህርት ቤት» የሚለውን መስመር አፍሬ ባዶ ተውኩት። ሚሊሜትር ወረቀቱን ስባ በራሷ እጅ «አባቷ ዘንድ» ብላ ሞላችው። አባዬ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ከነባሏ፣ አክስቴንም ሰላም ይበሉልኝ። «ሴት ልጅ ብረት ምን ያደርግላታል» ይል ለነበረው ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ግን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡለት።

ልጅዎ
ከማደሪያ ክፍሌ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን