ሐይቁን የሚያየውን ክፍል ለማንም እንዳትሰጪ

ይህን ደብዳቤ በእጁ የሚጽፈው ቃለጽድቅ ነው። ወረዳው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። እጁ የእሱ ነው፤ አፉ ግን የእኔ የወንድምሽ የይገዙ ነው። ስለ መኝታ ክፍል ነው ብዬ ገና ስጀምር «ጉዳዩ፦ ክፍል እንዲያዝልኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱን ቀደድኩበት። እህቴን ነው የማናግረው፣ መሥሪያ ቤት አይደለም አልኩት። እንግዲህ ያልኩትን እንዳልኩት ሊጽፍ፣ ላይቀንስ፣ ላያለሰልስ ቃል ገብቶልኛል።

እህቴ ዘመነች፣ እንደምን አለሽ? እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮኻል ወይስ አረፈልሽ? ባልሽ ጉታስ እንዴት ነው፣ ስኳሩ ወረደለት? ልጅሽ ሌሊሴስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አልጋ ቤትሽስ፣ እንግዳ አልራቀውም? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጥርሴ ቆሎ ለመቆርጠም አይሆንም እንጂ ሰው ለመንከስ አያንስም። ባለቤቴ ገበያነሽም አለች፤ ናፍቆትሽ በርትቶባታል። ይህን ደብዳቤ እንደማጽፍ ግን አታውቅም፤ ለምን እንደማታውቅ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትይ። ጆሮዬ ከከበደ ወዲህ ስልኩን ስፒከር ላይ ካላደረጉልኝ አልሰማም፤ ስናገርም እጮኻለሁ። እኔ በስልክ ሳወራ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ቆሞ የሚጣራው ወያላ እንኳ ጉዳዬን ያውቀዋል። በዚያ ላይ የልጄ የሀብተሥላሴ ልጆች ከቤታችን አይጠፉም። ትልቋ፣ ሳያት የተባለችው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሰማችውን ሁሉ ማታ አየር ጤና ቤቷ ስትገባ ለእናቷ ለራኬብ ታራግፈዋለች። ስለዚህ ነገሩን በወረቀት አድርጌ በጎረቤቴ በኑሕ እጅ ልኬልሻለሁ። ኑሕ ሐዋሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም አይሰጥም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው በገብርኤል ዕለት ደውለሽ ምን አልሽኝ? «ጋሼ፣ ሀብተሥላሴና ራኬብ ለጥምቀት እኔ ጋ ሊመጡ ነው። ልጆቹን እናንተ ጋ ትተው ሦስት ቀን ለብቻቸው አየር ሊቀይሩ ነው። ሐይቁን የሚያየውን ክፍል ያዥልን ብለውኛል» አልሽኝ። የማውቅ መስሎሽ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ያኔ ነው። አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ «አዎን፣ ነግረውኛል» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። የገዛ ልጄ ልጆቹን በእኔ ቤት ሊጥል መሆኑን ሐዋሳ ያለች እህቴ ከእኔ ቀድማ ሰማች። ይህ ነው መጀመሪያ ያቃጠለኝ።

ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሳያትም አጠገቤ ሆና ሰማች። እሷም አብራ የምትሄድ መስሏት «አባባ፣ የዋና ልብሴ እኮ ጠቦኛል» አለችኝ። እናትሽን ጠይቂ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት? በማግስቱ መጥታ «ማሚ ስብሰባ ነው አለችኝ፤ ልጅ አይገባም» አለችኝ። በጥምቀት ስብሰባ! ታቦት በሚወጣበት ቀን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የሚሰበሰበው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ራኬብ ራሷ ሙዝ ይዛ መጣች። አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። እሷ ግን ስልኳ ጮኸ፤ አንሥታ ከአጠገቤ ቆመች። እኔ ደንቆሮ ነኝ በእሷ ቤት፤ ኔትወርኩ አልይዝላት ሲል ደግሞ ግቢው እስኪያስተጋባ ትጮኻለች። ለጓደኛዋ ያለቻትን ቃል በቃል እነግርሻለሁ። «ልጆቹን እነ አባባ ጋ ጥያቸው ነው የምሄደው። ባክሽ እነሱ ደግሞ የት ይሄዳሉ!» አለች። ሳቀችም። ሙዙን አስቀምጣ፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሙዙን ለጎረቤት በግ ሰጠሁት።

የት ይሄዳሉ! ይህ ቃል ደረቴ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ አልወርድ ብሎኛል። እኔ በጎልማሳነቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ አሰብ ስመላለስ የራኬብ አባት ከሰፈሩ አልወጣም ነበር። ባሕር ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ገበያነሽን አንድ ቀን አሳይሻለሁ ብያት ነበር። አንድ ጊዜ በጀሪካን የባሕር ውሃ ይዤላት መጣሁ፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «ጨው የበዛበት ወጥ ነው» ብላ ተፋችው፤ ጀሪካኑን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልደፋችውም። ኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ቃሌም እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ያየችው ትልቁ ውሃ ገፈርሳ ነው። ቃለጽድቅ የሐዋሳው ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም ብሎ ያርመኛል። አውቃለሁ። ማዶው ይታያል። ቢሆንም ለገበያነሽ ይበቃል።

እጇንስ ሰምተሻል? ባለፈው መስቀል እነ ራኬብ አዳማ ሠርግ አለብን፣ በማግስቱ እንመለሳለን ብለው ልጆቹን ትተውልን ሄደው በአራተኛው ቀን ነው የተመለሱት። መንትዮቹ አራት ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው የጤፍ ጆንያ ነው። ገበያነሽ አንዱን አዝላ ከደረጃው ስትወርድ ወደቀች፤ ልጁ ላይ እንዳትወድቅ ብላ በእጇ ተመረኮዘችና አንጓዋ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍላትም። ራኬብ ስትመለስ ያመጣችው ቅባት ነው። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከመድኃኒት ቤቱ አጥታው መሰለኝ፣ አላመጣችውም። ሀብተሥላሴም «አይዞሽ እማዬ፣ ይሻልሻል» ብሎ ተሳለመና ሄደ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አልረሳሁም።

አሁን አንቺን ልያዝሽ። እኔና ገበያነሽ ከተጋባን ሃምሳ አንድ ዓመታችን ነው። በሠርጋችን በሦስተኛው ሳምንት እናታችን ሞተች፤ አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ይዤሽ መጣሁ። እኔና እሷ መካከል ነው የተኛሽው፤ ትራገጪም ነበር። ገበያነሽ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላትም፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብሽም። አንቺ ሳታድጊ የእኛዎቹ ስድስቱ መጡ። እነሱ ሲወጡ የልጅ ልጆች ገቡ። ቤታችን ልጅ ሳይኖርበት የዋለበትን ቀን ብቆጥር ብቆጥር አላገኘሁም። እነሱ ተጋብተው ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ልጅ ሰለቸን ብለው ሦስት ቀን ዕረፍት ወሰዱ። የእኛን ዕረፍት ማን ወሰደው?

ስለዚህ እንዲህ ነው የማደርገው፤ አንቺም እንዳልኩሽ ታደርጊያለሽ። ዓርብ ጥር ስምንት ማታ ልጆቹን ከነሻንጣቸው ያመጡልናል። እኔ ደስ ብሎኝ እቀበላቸዋለሁ፤ ራኬብንም እመርቃታለሁ። ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ኑሕ መኪናውን በራችን ላይ ያቆማል። እኔ፣ ገበያነሽ፣ ሳያትና መንትዮቹ እንሳፈራለን። ረፋዱ ላይ አንቺ ጋ ነን። እነሱ ገና ናቸው፤ ራኬብ ጸጉር ቤት ሳትገባ የትም አትሄድም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይደርሱም።

ሐይቁን የሚያየውን፣ በረንዳ ያለውን የፎቅ ክፍል ለእኔና ለገበያነሽ ታደርጊዋለሽ። ለሀብተሥላሴና ለራኬብ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ ጄኔሬተሩ ግድግዳዋ ላይ የሚጮኽባትን ክፍል ስጫቸው። ሦስቱንም ልጆች እዚያው አብረሽ አስገቢልኝ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ይበቃል። ከመኪናቸው ሲወርዱ በር ላይ በትሬን ይዤ ተቀምጬ ያገኙኛል። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ። «ራኬብ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የት ይሄዳሉ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፤ እዚህ ነው የምንሄደው። እነሆ ልጆችሽ» እላታለሁ። የዚያን ጊዜ ፊቷን ለማየት ይህ ጆሮዬም ቢደፈን፣ ዐይኔን ብቻ እግዜር አይንሳኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስትጥል አየዋለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። አንቺም ሆንሽ ሌሊሴ ልጆቹን እንዳትይዙላቸው። አሳዘኑኝ ብለሽ መንትዮቹን ወደ ጓዳ ብትወስጂ ተቀይሜሻለሁ። ወላጆቻቸው ያጥቧቸው፣ ያብሏቸው፣ ሌሊት ሽንት ቤት ያውጧቸው። ሰኞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሱ። እኛ አንድ ቀን ጨምረን ማክሰኞ ከኑሕ ጋር እንመጣለን።

እዚህ ላይ ቃለጽድቅ ብዕሩን አቆመብኝ። «አባባ፣ ወጣቶች ናቸው፣ ደክሟቸው ይሆናል፤ በሽማግሌ ቢያልቅ አይሻልም? ልጆቹስ ምን በደሉ?» ይለኛል። የመለስኩለትንም ጻፍ አልኩት። ልጆቹማ አተረፉ፤ ውሃ ያያሉ፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላሉ፣ ሳያትም ያ «ስብሰባ» ውስጥ ትገባለች። ወላጆቻቸውንም ዕረፍት አትውጡ አላልኩም። «አባዬ ደክሞናል፣ ሦስት ቀን ያዙልን» ቢሉኝ ስንቃቸውን ራሴ ቋጥሬ እሸኛቸው ነበር። ሳይጠየቅ ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው። እኔ መደርደሪያ አይደለሁም። ገበያነሽም አይደለችም። ሽማግሌ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሽማግሌ ከየት ይምጣልኝ? ብዬዋለሁ። ቃለጽድቅ መጻፉን ቀጠለ።

ለገበያነሽ ያልነገርኳት አንጀቷ ስለማይችል ነው። ብነግራት ማታውኑ ለልጇ ትደውልና «አባትህ ተቆጥቷል፣ ቅሩ» ትለዋለች፤ እነሱ ይቀራሉ፣ እሷም ትቀራለች። ስለዚህ ኑሕ ለጥምቀት ቢሾፍቱ ያደርሰናል ነው የምላት። እውነቱን የምነግራት ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውርዱኝ ብትልም የሚያወርዳት የለም። የምፈራው ሌላውን ነው። ልጆቹ ሲያለቅሱ ከሰማች ከፎቅ ወርዳ በዚያች በተሰበረች እጇ ማጠብ ትጀምራለች። ለዚህም መላ አለኝ። በየጠዋቱ ጀልባ ላይ አወጣታለሁ። ውሃው መካከል የልጅ ለቅሶ አይሰማም። እዚያ ጋቢዋን ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ማንም «እማማ» ሳይላት ትቀመጥልኝ። ሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ራኬብ ትቀየመኝ፣ ሀብተሥላሴም ያኩርፍ፤ ኩርፊያቸውን ተሸክሜ ለመሞት ትከሻ አለኝ።

ዘመነች፣ ከሀብተሥላሴ ጋር ያለሽን ፍቅር አውቃለሁ። አክስቴ አክስቴ እያለ ያቆላምጥሻል፤ ምላሱ ቅቤ ነው። ለእሱ ከነገርሽው ነገሩ አለቀ። ሐሳቤን ከተቀበልሽ ለገና ደውለሽ «ሐዋሳ ዝናብ ጥሏል» በይኝ። በዚህ ወር እንደማይጥል አውቃለሁና ይገባኛል። ካልተቀበልሽ ደግሞ «ደህና ነን» ብቻ በይኝ። እኔም አልወቅስሽም፣ ሁለተኛም አልጠይቅሽም። ግን ያን ቀን ገበያነሽን ወደ ስልኩ አልጠራልሽም። ካሳደገችሽ ሴትና ካቆላመጠሽ ልጅ የቱ እንደሚበልጥብሽ ራስሽ ፍረጂ።

ለባልሽ ለጉታ የከበረ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ታማኝ ሰው ይፈልግልኝ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት እንዳይሆን። ለሌሊሴ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ በትሩን ይዞ ይመጣል በያት። በግቢሽ ለሚሠሩት ሁሉ፣ በር ለሚጠብቁትም ሽማግሌ ሰላም በይልኝ፤ ቅዳሜ ሲያዩኝ ደንግጠው እንዳይጮኹ። ገበያነሽ ብታውቅ ኖሮ ለእያንዳንዳችሁ ሰላምታዋ አንድ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ ስለማታውቅ እኔ በእሷ ስም ስሜያችኋለሁ። ለገና በሰላም ያድርሳችሁ።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.። ወንድምሽ ይገዙ፣ በአውራ ጣቴ።

በል ቃለጽድቅ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ፊደል ባላውቅም ያለሰለስከው ቃል ካለ አውቀዋለሁ።