ልጅሽ ያጠፈቻት ጉጉት

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

ከወሬው በፊት ጤናሽ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔና ልጅሽ ደህና ነን። የመጽሐፍ ጥረዛ ቤቴም እንደ ድሮው ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ ከወረቀት ጉጉት መሥራት ላስተምራቸው ተቀመጥኩ። ዘንድሮ የሚመጣው ወረቀት ክፉ ነው፤ ጆሮዋ ጋ ስደርስ ደጋግሞ ተቀደደብኝ። ልጆቹ ሳቁ። ልጅሽ ግን ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ተቀበለችኝና፣ «አባባ፣ እርስዎ ይንገሩን፤ እኔ ልጠፈው» አለችኝ።

ጠርዙን ከጠርዝ ገጥማ በጥፍሯ ስትጫነው ብታያት! የጉጉቷን ጆሮ አቆመች፣ ክንፏን ዘረጋች፤ ከዚያ እየዞረች የሌሎቹን አስተካከለች። አንዱ፣ «የኔ ጉጉት ዶሮ ሆነች» ብሎ ሊያለቅስ ሲል፣ «ዶሮም እኮ ቆንጆ ናት፤ ና፣ አብረን ምንቃሯን እናሳጥረው» አለችው። እጇ ይባረክ! ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝም እሷው ናት፤ ጨዋታ አድርገነዋል።

የእጅ ጽሕፈቱ ማማሩን አየሽ? እኔ እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት፤ ትለማመድ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ሥራሽ ፈቃድ ከሰጠሽ ዘንድሮ ብቅ ብትዪ ደስ ይለናል።

ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። ስሜን ግን ራሴ እፈርማለሁ ብያታለሁ፤ ጠመም ቢልብኝ እንዳትስቂብኝ።

አባትሽ