መኪና የማይገባበት መንገድ

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ካዚሊና ጎዳና ላይ፣ የእግረኛ መብራቱ ጋ ቆምን። አረንጓዴው በራ። ባለቤቴ ሰርፀ ንቅንቅ የለም። ጠፋ፣ ደግሞ በራ። እንደተተከለ ነው። አንዲት ሴትዮ የልጅ ጋሪ እየገፋች ስትሻገር ነው እጄን ይዞ ተከትሏት የተሻገረው።

«ምነው?» ብለው፣ «እግሬን ያዘኝ» አለ።

እግሩን! ሐኪሙ «እግርህ ከኔ እግር ይሻላል» ካለው ስንት ጊዜው።

የሮማ ሰው እኮ ቀይ መብራትን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ፣ የፒዛ ሳጥን በጀርባው አዝሎ፣ በብስክሌት በመኪኖቹ መሀል ይበር የነበረ ነው። ኅዳር ላይ ያቺ መኪና እስክትገጨው። ብስክሌቱ እንደ ወረቀት ተጨማዶ ቀረ። እሱ ተረፈ፣ ተመስገን። ግን... የተረፈው የቱ ሰርፀ ነው? ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ።

ሰኔ 10

አሁን ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥባል። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። አውቶቡስ እንኳን አይሳፈርም። እግሩን የሚያመው ሰው ይሄን ሁሉ መንገድ እንዴት ነው የሚሄደው? አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ያኮርፋል፤ ሲያኮርፍ ደግሞ አምላክ ይሁነኝ።

ሰኔ 19

ተስፎም መጣ። የሰርፀ ጓደኛ ነው፣ እዚሁ ሰፈራችን ቶር ፒኛታራ ብስክሌት ይጠግናል።

«አንድ አሮጌ አግኝቻለሁ፤ ላበጅልህ?»

«እስቲ እግሬ ይዳን።»

ተስፎም አየኝ። እኔም አየሁት። ሦስታችንም የምናውቀውን ማናችንም አላልንም። ወንድ ልጅ ፈራሁ ይላል እንዴ? አይልም። እግሬን ይላል። ምስኪን እግር፣ ስንቱን ይሸከማል!

ሐምሌ 2

የአክስቴ ልጅ ሕሊና ደወለች። ፈረንሳይ ገጠር፣ ቡርጎኝ የሚባል አገር፣ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ነሐሴ ላይ ኑ አለች። ደጃፏ ላይ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መንገድ አለ አሉ። ሐዲዱን ነቅለው፣ አስፋልት አንጥፈው፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ሰጡት።

«መኪና አይገባበትም?»

«አይገባም።»

«ሞተርስ?»

«ማክዳ፣ ምንም አይገባም አልኩሽ እኮ! ወይን፣ ላም፣ ዛፍ። አበቃ።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ ሳስብ ወጡ አረረ። ይረር።

ሐምሌ 14

አሠሪዬን ሲኞራ ጁሊያናን ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ሰጡኝ፤ ግን አልገባቸውም። «ፈረንሳይ ደግሞ ምን አለ? ኦስቲያ ባሕር አለልሽ!» አሉ። የሮማ ሰው ከሮማ ውጪ አገር ያለ አይመስለውም።

ለሰርፀ «ሕሊና ናፍቃኛለች» ብቻ ነው ያልኩት። ተንኮለኛው ደግሞ የላከችልኝን የመንገዱን ፎቶ አይቶታል።

«ብስክሌት ምናምን የለም አይደል?»

«ባንተ እግር?» አልኩት።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ።

እመቤቴ፣ የማደርገውን አውቃለሁ መሰለሽ? አላውቅም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ደረስን። ባቡር ሲያደርስ፣ ሌላ ባቡር ሲቀበል... ወገቤ! ሕሊና ወፍራለች፤ ተስማምቷታል።

የሕሊና ጎረቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው በገዛ እጃቸው የሠሩትን አይብ ይዘው መጡ። በፍልሰታ! ሕሊና በፈረንሳይኛ ጾሙን ስታስረዳቸው ሰውዬው በሐዘን ያዩን ጀመር። የታመምን ነው የመሰላቸው። እግዜር ይማራችሁ ሳይሉን አልቀሩም።

ጸጥታው ግን እንዴት ያለ ነው! ጆሮዬ ራሱ ይጮሃል።

ነሐሴ 4

ሰርፀ ማለዳ ሹልክ ብሎ ወጣ። ተከተልኩት፣ እንደ ሰላይ። መንገዱን በእግሩ ጀመረው። ዳርና ዳሩ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ወይን ነው። አስፋልቱ አንድ ጉድጓድ የለው። ሮማ ትየውና ትፈር!

ግን ትንሽ ሄድ ይልና ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ምንም የለም። ደግሞ ሄድ ይልና ዞር። ምንም። በዚህ ሁሉ ሰላም መሀል ያቺን መኪና ይጠብቃታል ማለት ነው?

በዕድሜ ሲኞራ ጁሊያናን የሚያክሉ አሮጊት በብስክሌት መጡ። «ቦንዡር!» ብለውት አለፉ። ቆሞ ከዓይኑ እስኪጠፉ አያቸው።

ነሐሴ 6

ወይ ዛሬ! ከየት ልጀምር?

አሮጌው ባቡር ጣቢያ ብስክሌት ያከራያሉ። እኔ በዕድሜዬ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰፈራችን ሴት ልጅ ብስክሌት ነዳች ከተባለ ወሬው ሳምንት ይከርም ነበር። እዚህ ግን ለሁለት ሰው የተሠራ አለ፣ ታንደም ይሉታል። የፊተኛው መሪ ይይዛል፣ ፍሬን ይይዛል። የኋለኛው መርገጥ ብቻ ነው።

«ፊት ማን ይሁን?» አለች ሕሊና።

«እኔ ነኛ» አልኩ። «እሱ እግሩን ያመዋል።»

«አንቺ?» አለ ሰርፀ።

«አዎ እኔ። ምን አለበት?»

እኔን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ መንገዱን አየ። ሕሊና ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። «ገደል ልትከቺን ነው» ብሎ ፊት ወጣ።

ወጣ! በራሱ ወጣ!

መጀመሪያ መሪው ግራና ቀኝ ይላል፣ እኔም አብሬ ግራና ቀኝ እላለሁ። ከዛ ቀስ በቀስ ረጋ። «እየረገጥሽ ነው ወይስ ተሸክሜሽ ነው የምሄደው?» ማለት ጀመረ። እየረገጥኩ ነው አልኩ። (አልነበረም። እግሬን አንስቼ ወይኑን እያየሁ ነበር።)

አንድ ባልና ሚስት ከፊት ለፊት መጡ። «ቦንዡር!» እንዴ፣ ሰው ሰላም ሲል ዝም ይባላል? ሁለቱንም እጄን ለቅቄ፣ ደረቴን ይዤ፣ ከወገቤ ጎንበስ! ብስክሌቱ ተወላገደ። ሣሩ ውስጥ ተዘረገፍን።

«ምን ሆነሽ ነው?!»

«ሰላም አሉን እኮ!»

«ብስክሌት ላይ ሆኖ እጅ የሚነሣ ሰው ባንቺ አየሁ!»

ከዛ ሳቀ። ሣሩ ላይ ተንጋሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ። ፈረንሳዮቹ ሮጠው ሊያነሱን መጥተው እነሱም ሳቁ። ክርኔ ተልጧል፤ ደስታዬን ግን ምን ልበልህ አምላኬ።

ነሐሴ 7

መኪና አይገባበትም ብትልም ሕሊና አንድ ነገር አልነገረችኝም። አንድ ቦታ ላይ የመኪና መንገድ ያቋርጠዋል። ጠባብ የገጠር መንገድ፣ ከማዶው ደግሞ የኛው መንገድ ይቀጥላል።

ሰርፀ ፍሬን ያዘ። አንድ እግሩን አወረደ። ነጭ መኪና መጣች፣ ቆመችልን። ሹፌሯ እለፉ ብላ በእጇ አሳየችን። አላለፈም። ጠበቀችን... ጠበቀችን... ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

ከኋላው ስለሆንኩ ፊቱ አይታየኝም። ጀርባው ብቻ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

«እግርህ ነው?» አልኩት። ማምለጫ ልሰጠው ብዬ ነው።

ሁለተኛውንም እግሩን አወረደ።

«አይደለም» አለ። «እግሬ ከዳነ ቆይቷል። ፈርቼ ነው፣ ማክዳ። የመኪና ድምፅ ስሰማ ያ ቀን ይመጣብኛል።»

ግንባሬን ጀርባው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ።

«እኔም እፈራለሁ» አልኩት። «ከሥራ በዘገየህ ቁጥር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

ወርደን እየገፋነው ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ ዞሮ መንገዱን አየውና «እንመለስ» አለ። ልቤ ስብር አለ፤ ቤት እንሂድ ያለ መስሎኝ። ለካ እንደገና እንሻገረው ነው! ተመለስን። ደግሞ ተሻገርን። ደግሞ ተመለስን። ላሞቹ ማመንዠካቸውን ትተው ያዩናል፤ ምን ዓይነት እብዶች መጡብን እያሉ ይሆናል። በመጨረሻ፣ መኪና ሲመጣ ቆመን አሳለፍነውና ሳንወርድ ነድተን ተሻገርን።

ከዛ በኋላ ዞር ብሎ ማየቱን ቀነሰ። አልተወም። ቀነሰ።

ነሐሴ 9

መቀመጫዬ አለቀ። ቆሜ ነው የምጽፈው። ዛሬም ሄድን።

ነሐሴ 23

ሮማ። ጥሩንባው፣ ስድቡ፣ ሙቀቱ። ካዚሊና እንደነበረች ናት። ሰርፀ ከመጣን ጀምሮ ብስክሌት የሚባል ነገር አላነሣም፤ የፈረንሳዩ ነገር እዚያው ቀረ እንዴ ብዬ ስጨነቅ ነበር።

ዛሬ ግን ተስፎምን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰርፀ እሱ ጋ ሄዶ ነበር አለ።

«እግርህ ዳነ ወይ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እግሬ አልነበረም፣ ፈርቼ ነበር። አሁንም ትንሽ አለ።›»

«አንተስ ምን አልከው?»

ተስፎም ጢሙን አሻሸ። «ምን እላለሁ... እኔም አንዴ የትራም ሐዲድ ላይ ከወደቅኩ ወዲህ፣ ሐዲድ ሳይ ወርጄ ብስክሌቴን ነው የምገፋው አልኩት። ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

ሁለት ጎልማሳ ወንዶች! አንዱ እግሬን ሲል፣ አንዱ ሐዲዱን ሲደብቅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ። አሎራ፣ እንግዲህ ቢያንስ አሁን ሁለት ሆኑ። አሮጌውን ብስክሌት አብረው እያበጁት ነው።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ልብሱን ቀየረና ብስክሌቱን ይዞ ወረደ። ብቻውን። ቴቬሬ ወንዝ ዳር መኪና የማይገባበት መንገድ አለ፣ ወንዙን ይዞ ወደ ባሕሩ የሚወስድ። እስከ ወንዙ ድረስ ግን በመኪና መሀል ነው።

በመስኮት አየሁት። መብራቱ ጋ ቆመ። አረንጓዴ በራ። ትንሽ ቆየ... ሄደ።

ደስ አለኝ? አዎ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዛ ቁጭ አልኩ። አምቡላንስ ጮኸ፣ ተነሣሁ። ራቀ፣ ተቀመጥኩ። ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ለምን እንደከተፍኩ ጠፋኝ። አይ ማክዳ፣ ይሄን ቀን አይደል እንዴ ስትለምኚ የኖርሽው? ምን ሆነሻል ታዲያ? ደግሞ አምቡላንስ።

ስልኬ ጮኸ።

«ማሊያና ደርሻለሁ፣ ወንዙ ዳር ነኝ!» ያለከልካል። ነፋስ ይሰማኛል፣ የሌላ ሰው የብስክሌት ደወል ይሰማኛል። «መንገዱ ባዶ ነው፣ ማክዳ! ትንሽ ልቀጥል ነው፣ እሺ?»

ተመለስ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ውሃ ይዘሃል?» አልኩት።